ፎርጅዱ ጀርመን

ነጋዴ ዕቃ ብቻ አይመዝንም፤ ሰውም ይመዝናል። እኔ ሰው የምመዝንበት ሚዛን አገሩ ነበር። የጅጋ ሰው ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ዘመድ ይቆጥራል። የቡሬ ሰው በርበሬውን ሲያሞግስልህ ዓይንህ ካላነባ አያምንህም። የሰከላ ሰው ደግሞ ግሽ ዓባይ ከጓሮው የፈለቀ ይመስል ውኃ ሲቀዳልህ እንኳ ይኮራል። ጀርመን ማለት ሰዓትና ማሽን ነው። ሚዛኔ ሃያ ዓመት ሙሉ አጉድሎብኝ አያውቅም። ያጎደለብኝ አንድ ቀን ነው፤ ያን ያጎደለውን እስከ ዛሬ አልሞላሁትም።

ስሜ ሞገስ ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ ማር እየገዛሁ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ። ቀለም የቆጠርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን መናኸሪያና በረንዳ አስተምረውኛል። እንግሊዝኛውንም የለቀምኩት ባሕር ዳር ላይ ለቱሪስት ጀልባ ስደልል ነው። አያምርም፤ ግን የሚነገረኝን በደንብ እሰማለሁ። መስማቱንስ ሰምቼ ነበር።

ማትያስ የሚባለው ጀርመን ወደ እኛ አገር የመጣው ለገበሬው በዘመናዊ ቀፎ ንብ ማነብን ሊያስተምር ነው። ሥራው ሲያልቅ ሌሎቹ ፈረንጆች ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ፤ እሱ ቀረ። ከማንኩሳ አስፋልት የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ብሎ፣ እትዬ የሺ የሚባሉ ባልቴት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ከአሥራ ሁለት ቀፎ ጋር ይኖራል።

መጀመሪያ ሱቄ የመጣ ዕለት ጄኔሬተሬ ቆሞብኝ ነበር። እግዜር ላከልኝ ብዬ፣

«ማትያስ፣ እስቲ እየው» አልኩት።

አየው። ዞሮ ዞሮ አየው። «ቆንጆ ነው» አለ።

«ቁንጅናውን እኔም አላጣሁት። ምን ሆኖ ነው?»

«እንጃ፣ አያ ሞገስ። እኔ አምፖል ስቀይር እንኳ እጄ ይንቀጠቀጣል።»

ሦስት ሰዓት ብሎ ከቀጠረህ አምስት ሰዓት ላይ ይመጣል፤ ያውም ቀኑ ከገጠመለት። ቢራ ስትጋብዘው ጨጓራዬን ይላል። ለቅሶ ቤት ከሄደ ከሟች እህት ብሶ ያለቅሳል። የእድራችን ሊቀ መንበር አያ ታከለ ይኸን ሁሉ ታዝቦ ታዝቦ አንድ ቀን ፍርዱን ሰጠ።

«ይኸ ጀርመን አይደለም። ፎርጅድ ነው። መርካቶ ነው የተሠራ።»

በዚያው «ፎርጅዱ ጀርመን» ሆኖ ቀረ። ፊት ለፊቱ ሲሉትም ይስቃል። አንድ ቀን ብቻ ሳይስቅ መለሰልኝ።

«አገሬ ሳለሁም እንዲሁ ነበር። አንተ የእኛ ሰው አትመስልም ይሉኛል። ይኸን ሁሉ አገር አቋርጬ መጣሁ፤ እናንተም ጀርመን አይደለህም አላችሁኝ። እንግዲህ የት ሄጄ ጀርመን ልሁን?»

እኔ ስቄ አለፍኩት።

ነገሩ የደረሰው በጥቅምት መጨረሻ፣ በገበያ ቀን ነው። ያን ሰሞን ኢንተርኔት የለም፤ ስልኩም ከአስፋልት ገባ ሲሉ ይጠፋል። ማትያስ ለዘመዶቹ የሰጣቸው የእኔን ቁጥር ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ማር እያስመዘንኩ ስልኬ ጮኸ፤ በእንግሊዝኛ የምታወራ ሴት ናት።

«አቶ ሞገስ? የማትያስ እህት ነኝ። አባታችን በጣም ታመዋል። ማትያስ ዛሬ ይደውል። ነገ አይሆንም። ዛሬ።»

ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፤ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት የምትነግረኝ ነው የሚመስል። እነግረዋለሁ አልኳት። አመስግና ዘጋች።

ሱቁን ዘጋሁ። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በእኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። «ትንሽ አሟቸዋል» ከተባለ ታመዋል። «በጣም ታመዋልና ቶሎ ና» ከተባለ ግን ድንኳኑ ተተክሏል። ወንድሜ የሞተ ጊዜ እኔን ከባሕር ዳር የጠሩኝ «እግሩን ወለም ብሎት ነው» ብለው ነው። ለወለምታ ሌሊቱን እያለቀስኩ ገባሁ።

አያ ታከለ ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን ሰምቶ ሳይጨርስ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ነፍስ ይማር። ማነው ሌላ የሰማ?»

«ማንም። ግን አያ ታከለ፣ ዛሬ ይደውል ነው ያለችኝ። ሞተው ከሆነ መደወሉ ለምን ይቸኩላል?»

«ምን ትበልህ? ለማታውቀው ባለ ሱቅ አባታችን ሞቱ ትበል?»

«ፈረንጆች እኮ በቀጥታ ነው የሚናገሩ። ያውም ጀርመን።»

አያ ታከለ በሐዘኑ መሐል ሳቅ አመለጠው። «እሱ ጀርመን ነው እንዴ? አንድ ማሕፀን ያፈራት፣ አብራው ያደገች እህቱ አይደለችም?»

ይኸ አባባል ጥሩ አመክንዮ መሰለኝ። ዛሬ ሳስበው፣ ሚዛኔን በትክክል የምጠቀምበት አንድ ቀን ቢኖር ያ ቀን ነበር። ያን ቀን ጣልኩት።

«ሰው ቀን ሜዳ ላይ እንዳለ መርዶ አይነገርም» አለ አያ ታከለ። «ነገ ሲነጋጋ እድሩን ይዤ እመጣለሁ። ባዕድ አገር ያለ ልጅ ነው፤ ብቻውን አናስለቅሰውም። አንተ ዛሬ ሂድና አብረኸው እደር። ከአፍህ እንዳይወጣ፤ ወደ ስልክም እንዳይሄድ።»

ማንኩሳ ከባጃጅ ወርጄ በእግሬ ገባሁ። ወሬ ግን ከባጃጅ ይቀድማል፤ ከገበያ የተመለሰ አንዱ ነግሯቸው ኖሯል። ጤፍ ማሳ ዳር የቆሙ ሦስት ገበሬዎችን «እንደምን ዋላችሁ» ብላቸው አንገታቸውን ሰበሩ እንጂ አልመለሱልኝም። ልጅ ያዘለች ሴት መንገድ ለቃልኝ ዞራ ቆመች። ከዚያ በኋላ ሰው አላየሁም። ከብቶቹ አሉ፣ ውሾቹ አሉ፤ የሚጮህ ግን የለም። የራሴን ጫማ ድምፅ እየሰማሁ ነው የደረስኩት።

እትዬ የሺ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል።

«እትዬ፣ ሰማ እንዴ?»

«አልሰማም። እኔ ትንፍሽ አላልኩም፤ ማርያምን። አንተ ግን ግባና እይ።»

«ምኑን?»

«ንቦቹን። ከቀትር ጀምሮ ነው። ለእሱ የነገረው የለም፤ እነሱ ግን ሰምተዋል።»

ገባሁ። የማትያስ በር ላይ ቡናማ ጋቢ ተሰቅሎ አየሁ። ይኸ ሰው ልብሱን ደግሞ በር ላይ ያሰጣል እንዴ እያልኩ ቀረብኩ። ጋቢው ተነፈሰ።

ንብ ነው። ከጉበኑ እስከ ደፉ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተጣብቆ። አሥራ ሁለቱ ቀፎዎች ባዷቸውን ቆመዋል። ማር ነጋዴ ነኝ፤ መንጋ ንብ ሲኮበልል፣ ዛፍ ላይ ሲሰፍር ብዙ አይቻለሁ። መንጋ ድምፅ አለው፤ ከሩቅ የሚመጣ ወፍጮ ይመስላል። ይኸ ድምፅ የለውም። ያ ሁሉ ክንፍ ዝም ብሏል።

ማትያስ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ የንብ መከላከያ ልብሱን ሳይለብስ ቆሟል። ዞሮ አላየኝም።

«አያ ሞገስ፣ ማን ነው የሞተው?»

«ማን ይሞታል? ደግ ቀን ነው።»

«አባቴ ንብ አናቢ ነው» አለ፤ አሁንም ሳይዞር። «አያቴም። በእኛ መንደር የቤቱ ሰው ሲሞት ንቦቹ ይነገራቸዋል። ቀፎውን በቁልፍ ሦስት ጊዜ ታንኳኳለህ፤ ትነግራለህ። አያቴ ሲሞት ሰው ሁሉ በለቅሶ ተጠምዶ የነገራቸው አልነበረም። በጸደይ ቀፎውን ከፈትነው። ማሩ እንዳለ አለ፤ አንድ ንብ የለም፤ ሬሳቸውም የለም።»

ለፈረንጅ የሚነገር ተረት ይመስለኝ ነበር፤ ከፈረንጅ አፍ ሰማሁት።

«አንተ ደግሞ በዚህ ታምናለህ?»

«እኔ ምን እንደማምን አላውቅም። ስልክ አልመጣም?»

ወደ እኔ ዞሮ እንዲህ ነው የጠየቀኝ። ዓይኔን እያየ፣ ሳያዞር፣ ሳይቀባባ። በቀጥታ የሚጠይቅን ሰው መዋሸት እንዴት ቀላል እንደሆነ ነጋዴ ያውቃል።

«አልመጣም» አልኩ።

በሩ ላይ ያለው ጋቢ አንድ ጊዜ ተርገፈገፈ። ነፋስ አልነበረም።

«እንግዲያው እኔ አስፋልት ድረስ ልሂድና ልደውል።»

«መንገድ ተዘግቷል።»

«እርስዎ አሁን አይደል የመጡ?»

«ስመጣ ሊዘጉ ነበር።»

እውነተኛ ጀርመን ቢሆን «ማን ዘጋው? በስንት ሰዓት?» ይለኝ ነበር ብዬ አሰብኩ። እሱ ግን «እሺ» አለና ቁጭ አለ። ያመነኝ ሰው ነበር፤ ከነገሩ ሁሉ ይኸ ነው የሚከብደኝ።

ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሰዎች አንድ በአንድ ብቅ ማለት ጀመሩ። አንዱ እርጎ ይዞ፣ አንዷ ቆሎ ይዛ፣ አንዱ ደግሞ ባዶ እጁን። የያዙትን ያስቀምጣሉ፣ ማትያስን ያዩታል፣ በሩን ያያሉ፣ ይሄዳሉ። «ደህና ነህ?» የሚለው የለም። እሱም አመሰግናለሁ ይላል፤ ከዚያ እኔን ያያል። እኔ ቆሎ እቆረጥማለሁ።

«ለምን ነው ዛሬ ሁሉም የሚመግበኝ?»

«ከሳህ መሰለኛ።»

«ትናንት ወፍረሃል ብለውኝ ነበር።»

ፀሐይ ከአጥሩ በላይ ጥቂት ክንድ ስትቀራት ንቦቹ ተነሡ። አልበረሩም ብል ይሻላል፤ ከበሩ ላይ እንደ ውኃ ፈሰሱ። አንድም ሳይሳሳት፣ ሳይጋፋ፣ እያንዳንዱ ወደየቀፎው ገባ። የሥራ ሰዓት አልቆ የሚገቡ ይመስላል። በሩ ባዶውን ቀረ። ሰዓት አይቶ የማያውቀው ማትያስ እጄን ይዞ የእጅ ሰዓቴን አየ። እኔም ዞሬ አላየሁትም።

አደርን። እንቅልፍ የወሰደው እሱን ነው።

ሲነጋጋ ጉም ግቢውን ሞልቶታል። በር ስከፍት ከአጥሩ ወዲያ ሰው ቆሟል፤ ከኋላው ሌላ፣ ከዚያ ኋላ ሌላ። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከጉሙ የተቀረጹ መስለው፣ አርባ የሚያህሉ ሰዎች ድምፅ ሳያሰሙ ቆመዋል። አያ ታከለ ከፊት ነው። መርዶ ሲመጣ በር የሚያንኳኳ የለም፤ አንተ ራስህ ትከፍታለህ።

ማትያስ በባዶ እግሩ ወጣ። አያቸው።

«ማትያስ፣ ልጄ፣ በርታ» አለ አያ ታከለ። «ሁላችንም መንገደኞች ነን። አባትህ ዐርፈዋል።»

ሴቶቹ ለቅሶውን አነሡት። ወንዶቹ ደረታቸውን መቱ። ማትያስ መሐል ቆሞ እጁን ወደ ላይ አደረገ፤ ተማሪ ጥያቄ ሲኖረው እንደሚያደርገው።

«መቼ?»

«ትናንት ጠዋት ነው የተደወለ።»

«ለማን?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ለቅሶው ገና አልቆመም።

«ምን አለች?» አለኝ። «እርስዎ የመሰለዎትን ሳይሆን፣ እሷ ያለችውን።»

ነገርኩት። አንድ ቃል ሳልጨምር፣ አንድ ሳልቀንስ። አባታችን በጣም ታመዋል። ዛሬ ይደውል። ነገ አይሆንም።

«ታመዋል አለች እንጂ ሞቱ አላለችም።»

«ማትያስ፣ በእኛ አገር እኮ…»

«አያ ሞገስ» አለ፤ ድምፁን ሳያነሣ። «እህቴ እውነተኛ ጀርመን ናት።»

ለቅሶው እንደ ክር ተበጠሰ። የአንዲት ሴት ጩኸት ግማሹ አየር ላይ ቀረ።

ጫማውን አድርጎ ወደ አስፋልቱ ሄደ። አልሮጠም። እኔ ተከተልኩት፤ አያ ታከለ ተከተለኝ፤ ከዚያ ሁሉም። አንድ ሰዓት ሙሉ በጉም ውስጥ፣ አርባ ሰው፣ አስከሬን የሌለው የቀብር ጉዞ። ተዘግቷል ያልኩት መንገድ ወለል ብሎ ተከፍቶ ጠበቀን፤ ማትያስ ግራና ቀኙን አይቶ አለፈ፤ አንድም ቃል አልወቀሰኝም። ቢሰድበኝ ምንኛ በወደድኩ።

አስፋልቱ ጋ ስልኬን ሰጠሁት። ደወለ። በቋንቋው አወራ፤ የሚገባን የለም፤ ቢሆንም ሁላችንም ጆሯችንን ሰጥተን ቆምን። አጭር ነበር። ስልኩን መለሰልኝና መንገዱ ዳር ተቀመጠ።

«ትናንት ወደ ማታ ነው የሞተው» አለ። «ቀኑን ሙሉ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርገውለት ነበር። በጮኸ ቁጥር ‹ማትያስ ነው?› ይል ነበር።»

«ወደ ማታ ስንት ሰዓት?» የሚል ጥያቄ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። የእነሱን ሰዓት ወደ እኛ ማምጣት ለእኔ ቀላል ስሌት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሳሰላ የኖርኩ ሰው ያን ስሌት አልሠራሁትም። እስከ ዛሬም አልሠራሁትም።

አያ ታከለ አስፋልቱ ላይ ተንበረከከ። ማትያስ ክንዱን ይዞ አነሣው። ዓይኑ ደረቅ ነው። ለማያውቀው ሰው ለቅሶ ኩልል እያለ የሚያነባ ሰው፣ ለአባቱ አንዲት ዘለላ አላወጣም። ቀጥ ብሎ ቆመ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ሰዓት ጠየቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርመን መሰለ። ከንቦቹ ይልቅ ያ አስፈራኝ።

ግቢው ስንመለስ ወደ እኔ ዞረ።

«ለንቦቹ አልተነገራቸውም። ዜናውን የያዙት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ይንገሩ።»

የክፍሉን ቁልፍ ሰጠኝ። ሰው ሁሉ እያየ አንደኛው ቀፎ ጋ ሄድኩ። በሌላ ቀን ቢሆን ለዓመት የሚበቃ መሳቂያ ነበርኩ። ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ።

«የማትያስ አባት ዐርፈዋል።»

ውስጡ ጸጥ አለ። ከዚያ ዝቅ ያለ ድምፅ፣ ከመሬት ሥር የሚመጣ የመሰለ፣ ተነሣና መልሶ ጠፋ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውም። አሥራ አንድ ጊዜ እንዲህ አልኩ፤ አሥራ አንድ ጊዜ መለሱልኝ።

አሥራ ሁለተኛው ከበሩ አጠገብ ያለው ነው። አንኳኳሁ። «የማትያስ አባት ዐርፈዋል» አልኩ። ዝም። ጠበቅኩ። ዝም። ወደ ማትያስ ዞርኩ። የምናገረው እንደቀረኝ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ትናንት በሕይወት ሳሉ ጠርተውት ነበር» አልኩ። «ስልክ አልመጣም ብዬ የዋሸሁ እኔ ነኝ። መንገድ ተዘግቷል ያልኩም እኔ ነኝ።»

ያ ድምፅ ተነሣ። ከኋላዬ ማትያስ ሲያለቅስ ሰማሁ፤ እንደ ድሮው፣ እንደ ልጅ። እትዬ የሺ ሄደው አቀፉት።

አንባቢ ሆይ፣ ንብ የሰው ሞት ይሰማል ብዬ አልከራከርህም። አያ ታከለ ዝናብ ሊመጣ ነበርና ነው ይላል። ዝናብ አልመጣም፤ እሱም ያውቃል። እኔ የማውቀውን ልንገርህ። ሰውየው በአገሩ ልክ አልተሰፋምና አንድም ቀን በራሱ ልክ አልለካሁትም፤ ጀርመን ሲባል ማሽን ፈለግኩበት፣ ማሽን ሳጣ እንደ እኛው አደረግኩት። በሁለቱም መሐል አባቱን የሚወድ አንድ ሰው ቆሞ ነበር። እህቱንም አላየኋትም። የነገረችኝን እንደነገረችኝ ብወስድ ኖሮ እስከ ቀትር ድረስ አስፋልቱ ላይ አደርሰው ነበር።

ማትያስ አሁንም ከንቦቹ ጋር አለ። አሁንም ያረፍዳል። ማሩን የሚያመጣው ለእኔ ነው፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። የተለወጥኩት እኔ ነኝ። ስልክ ሲመጣልኝ «በሕይወት አሉ ወይስ የሉም?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ የነገሩኝንም እንደነገሩኝ ለባለቤቱ አደርሳለሁ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ መሐል ቢሆንም። ሰው ይቀየመኛል። ይኸ ምን ዓይነት ጎጃሜ ነው፣ ነገር አለስልሶ የማያውቅ ይሉኛል። አያ ታከለ ስም አውጥቶልኛል፤ «ፎርጅዱ ጎጃሜ» ነኝ።

ባለፈው ማትያስ ሱቅ መጥቶ አንዱ በዚህ ስም ሲጠራኝ ሰማ። እንደ ድሮው ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።